ረቡዕ ማታችንን መልሱልን

ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናችን የሽማግሌዎች ጉባኤ
ለወንጌል ስርጭት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ስለ ቤት ኅብረቶች መዘጋትና ስለ ወርኃዊው የምስክርነት ቅጽ

የተከበራችሁ አባቶቻችን፣ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍነው በምሥራቅ ምድብ የ11 የቤት ኅብረቶች መሪዎች የነበርን ምእመናን ነን። «የነበርን» ያልነው ከአራት ወር በፊት እሑድ ከአምልኮ በኋላ በተነበበው ማስታወቂያ ኅብረቶቻችን ስለተዘጉ ነው። ብዕሩን የያዝኩት እኔ የምድቡ አስተባባሪ ነኝ። ሌሎቹ አንብበውታል፣ አርመውታል፣ ተስማምተውበታል።

ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቀናል። መልስ አላገኘንም። አንድ ጊዜ ደግሞ ቀጠሮ ይዘን ቢሮ መጥተን «እየጸለይንበት ነው፣ ታገሡ» ተብለን ተመልሰናል። ታገሥን። በመሃል ግን የሚጎዳው ሰው በዛ። ስለዚህ ደብዳቤውን ግልጽ አደረግነው። ምእመኑ ይስማው። እንዲህ ዓይነት ውሳኔ ሊወስኑ ያሰቡ ሌሎች አጥቢያዎችም ቢያነቡት ደስ ይለናል። የቤተ ክርስቲያናችንን ስም ያልጠቀስነው ማንንም ማሳጣት ስላልፈለግን ነው። ለማን እንደጻፍነው እናንተም እኛም እናውቃለን።

ማስታወቂያው ሦስት ነገር ይዞ ነበር። ረቡዕ ማታ በየቤቱ የሚደረገው ኅብረት ቀርቶ ሁሉም ሰው በአዳራሹ ፕሮግራም እንዲገኝ። ለኅብረቶቹ ይሰጥ የነበረው ትንሽ ገንዘብ ወደ ዓመታዊው የወንጌል ኮንፈረንስ እንዲዞር። እያንዳንዱ አባል ደግሞ በወር በወሩ ለስንት ሰው እንደመሰከረና ስንቱ ጌታን እንደተቀበለ ቅጽ ሞልቶ እንዲያስገባ። ቅሬታችን በሦስቱም ላይ ነው። ሕመማቸው ግን እኩል አይደለም።

ከቅጹ ልጀምር። ከሁሉም በላይ ያቆሰለን እሱ ነውና።

ቅጹ አራት ዓምድ አለው። የተመሰከረለት ሰው ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የተመሰከረበት ቀን፣ ውጤት። ከመሪዎቻችን አንዷ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም ነው። በር ለበር ከሆነች ጎረቤቷ ጋር ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል። ልጆቻቸው አብረው አድገዋል። ጎረቤቷ ቅዳሴ የማታስታጉል የኦርቶዶክስ አማኝ ናት። በዐቢይ ጾም እኅታችን ቡና ስትጠራት ቆሎ ነው የምታቀርበው። ሽሮውንም ሥጋ በማያውቀው ድስት ነው የምትሠራላት። ይህን አድርጊ ያላት ሰው የለም። ስለ እምነት ያወራሉ? አዎ፣ ያወራሉ። ጎረቤቷ ትጠይቃለች፣ እኅታችን ትመልሳለች። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጠያቂዋ እኅታችን ትሆናለች። ባለፈው ዓመት የእኅታችን ልጅ ታይፎይድ ይዞት ሆስፒታል ሲተኛ ጎረቤቷ ሁለት ሌሊት አብራት አደረች። በሁለተኛው ሌሊት «እስቲ ዛሬ እንደ አንቺ አጸላለይ እንጸልይ» አለቻት። እዚያው ኮሪደር ላይ አብረው ጸለዩ። እዚያ ጸሎት ላይ ለመድረስ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቷል።

ከዚያ ቅጹ መጣ። እኅታችን ታዛዥ ናት፣ ሞላችው። አንድ ቀን ከሰዓት ቡና ሊጠጡ ሲቀመጡ ወረቀቱ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ነበር። ጎረቤቷ ስሟን ሦስተኛው ረድፍ ላይ አየችው። ስልኳም አለ። «ውጤት» በሚለው ሥር «ገና» ተብሎ ተጽፏል።

«ዘጠኝ ዓመት ቡና ያጠጣሽኝ ለዚህ ነው?» አለቻት። ስኒውን አስቀምጣ ወጣች።

አሁን ሰላምታ አለ። ቡና ግን የለም። ልጆቹም ደረጃ ላይ ነው የሚገናኙት።

እኅታችን ይህን ስትነግረን እያለቀሰች ነበር። «ገና» ብላ የጻፈችው በቅንነት ነው። ሌላ ምን ትጻፍ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የተሰጣጡት ነገር ለዚያ ለአራተኛው ዓምድ አይመጥንም። ይህን ስንነግራችሁ ከመካከላችሁ አንዱ «ወረቀቱን ደብቃ ማስቀመጥ ነበረባት» ብሏል። አባታችን፣ ቅሬታችን ወረቀቱ የተቀመጠበት ቦታ ላይ አይደለም። ጎረቤት ቢያየው የሚያሳፍረንን ነገር ስለ ጎረቤታችን መጻፍ ራሱ ልክ አይደለም ነው የምንለው።

እንዳትሳሳቱብን። ጎረቤቶቻችን ክርስቶስን እንዲያውቁ እንፈልጋለን። ይህን አንደብቅም፣ ጎረቤቶቻችንም ያውቁታል። ነገር ግን ሰውን መውደድ ሌላ፣ ሰውን መመዝገብ ሌላ። ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ላይ ስለ ባለጠጋው ሰው ሲናገር ኢየሱስ ተመለከተውና ወደደው ይላል። ሰውየው ግን እያዘነ ሄደ። ጌታ የወደደው ይከተለኛል ብሎ ቆጥሮ አልነበረም። እኛም ጎረቤታችን እስከ ዕለተ ሞቷ በሃይማኖቷ ብትጸና ቡናችንን ትጠጣለች፣ ለቅሶዋን እንደርሳለን፣ ልጇን እንይዝላታለን። ይህን ካላመነችን ስለ እግዚአብሔር ፍቅር የምንነግራትን ለምን ታምነናለች?

በዚህ ላይ ስልክ ቁጥሮቹ ከቢሮ ወደ ደዋዮች ተላልፈዋል። አንድ ጎረቤታችን ሥራ ላይ እያለ ከማያውቀው ሰው «ጌታን ለመቀበል ዝግጁ ነህ?» የሚል ስልክ ተደውሎለታል። ስሙን በሙሉ ጠርተው። ቁጥሩን የሰጠው ወንድማችን ዛሬም ዓይኑን ማየት ያፍራል። ሰው ስልኩን ለጎረቤቱ የሚሰጠው መብራት ሲጠፋ፣ ልጅ ሲታመም፣ ዕቃ ሲመጣ እንዲደወልለት ነው። ያለ ፈቃዱ ለሌላ ማስተላለፍ መተማመንን ያፈርሳል።

ቅጹ የእኛንም ሰዎች እያበላሸ ነው። ይህን ስጽፍ ያመኛል፣ ግን እውነት ነው። አንድ ወጣት ከመገናኛ እስከ ሲኤምሲ በአንድ ሚኒባስ ውስጥ በራሪ ጽሑፍ ያድልና «14 ሰው» ብሎ ይሞላል። ስማቸውን አያውቅም፣ ስለዚህ ስም ይፈጥራል። ራሱ ነው የነገረኝ። በሌላ በኩል አንዲት እናት በኩላሊት በሽታ የምትሠቃይ ጓደኛዋን ሦስት ወር ሙሉ ለእጥበት እየወሰደች አምጥታለች። ወንበር ላይ አብራት ተቀምጣ፣ አንዳንዴ መዝሙር እያነበበችላት፣ አንዳንዴ ዝም ብላ። በወሩ መጨረሻ «0» ብላ ጻፈች። በስብሰባ ላይ ቁጥሩ በየስማችን ሲነበብ የወጣቱ ተጨበጨበለት። እሷ አንገቷን ደፋች። ሽማግሌዎቻችን፣ እዚያ ነበራችሁ።

ወደ ረቡዕ ልምጣ።

ረቡዕ ማታ በየቤቱ ምን ይደረግ እንደነበር ምናልባት ሁላችሁም አታውቁት ይሆናል። አንዳንዶቻችሁ ለዓመታት አልጎበኛችሁንም። 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንሰበሰባለን። ስምንት፣ አሥር፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ሰው። ከሉቃስ ወይም ከዮሐንስ ወንጌል አንድ ክፍል እናነባለን። ማንም ሰው ያልገባውን ይጠይቃል። የታመመ፣ ሥራ ያጣ፣ ከባሏ ጋር የተጋጨች ካለች እንጸልያለን። ከዚያ ቡና ይፈላል። በሩ አይዘጋም። ጎረቤት ስኳር ሊበደር መጥቶ ይቀመጣል። ልጁን ፍለጋ የመጣ ይቀመጣል። ናትናኤል ሲጠራጠር ፊልጶስ አልተከራከረውም። «መጥተህ እይ» ነው ያለው። ረቡዕ ማታ ለእኛ ያ ነበር፣ መጥቶ የሚታይ ነገር።

አንድ ምሳሌ ብቻ ልንገራችሁ። በአንዱ ኅብረታችን አካባቢ ጡረታ የወጡ ሾፌር ይኖራሉ። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት የለም። ጉልበታቸው አይታጠፍም። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ እሱም ሌሊት፣ እሱም ከሥር ከግቢው ቧንቧ። ከእኛ ወጣቶች አንዱ ሁለት ዓመት ሙሉ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እየተሸከመ አወጣላቸው። ወረቀት አልሰጣቸውም። «ጌታ ይወድዎታል» እንኳ አላላቸውም፣ ዓይናፋር ልጅ ነው። ውሃውን ያስቀምጣል፣ «አባባ ሌላ የጎደለ አለ?» ይላል፣ ይወርዳል።

አንድ ረቡዕ በሩ ተንኳኳ። «ያ ውሃ የሚያመጣልኝ ልጅ የሚገባበት ቤት ይህ ነው?» አሉ። ገቡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስምንት ወር ያህል እየመጡ ጥግ ላይ ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። ቡናቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ። አንድ ቀን የጠፋው ልጅ ታሪክ ሲነበብ «አባትየው ለምን ሮጠ?» ብለው ጠየቁ። ያን ሌሊት እስከ አራት ሰዓት ተቀመጥን። አሥራ ሰባት ዓመት ያላነጋገሩት ልጅ እንዳላቸው ያን ቀን ነው የሰማነው። ምን እንደሆነ ሁሉን እዚህ አልጽፈውም፣ የእሳቸው ነው። በመስቀል በዓል ልጃቸው ቤታቸው መጥቶ አብረው በልተዋል። እሳቸውም በራሳቸው አፍ እምነታቸውን ተናግረዋል።

ዛሬ እኚህ አባት የትም አይመጡም። አዳራሹ ሁለት ታክሲ ነው። ፕሮግራሙ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል፣ በዚያ ሰዓት ታክሲ ለወጣትም ይከብዳል። ባለፈው ወር ልጠይቃቸው ሄጄ «ረቡዕ ቀረ እንዴ?» አሉኝ። ምን እንደምመልስ አላወቅሁም።

እሳቸው ብቻ አይደሉም። ጨቅላ ልጅ የታቀፉ እናቶች፣ ማታ ሱቅ ዘግተው የሚገቡ፣ በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እኅቶች፣ ሁሉም ኅብረታቸው ቅርብ ስለሆነ ነበር የሚገኙት። በ2016 እና በ2017 ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንቺስ ተነሥተው ወደ እኛ አካባቢ የመጡ ቤተሰቦች አሉ። ለብዙ ዓመት የኖሩበት ጉርብትና ተበትኗል። ዕድራቸው ተለያይቷል። አዲሱ ቤት ሲገቡ ከላይ ማን እንዳለ፣ ከታች ማን እንዳለ አያውቁም። መጀመሪያ በራቸውን ያንኳኩት ዳቦና ቡና የያዙ የኅብረት ሰዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ ሙስሊም፣ አንዳንዶቹ ኦርቶዶክስ፣ አንዳንዶቹ የእኛው ወገን ናቸው። ማንነታቸውን ለይተን አላንኳኳንም። አሁን ያን የሚያደርግ የተደራጀ ሰው የለም።

አባቶቻችን፣ እንዲህ ያለው ምስክርነት እኛ የፈጠርነው አይደለም። ከእናንተ ነው የተማርነው። በጣሊያን ወረራ ምክንያት የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን በ1929 ዓ.ም. ወላይታን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ጣሊያን ወጥቶ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት 10 ሺህ ገደማ አማኝ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ኮንፈረንስ የሚያዘጋጅ ቢሮ አልነበረም። አማኞቹ እርስ በርስ እንዴት እንደሚዋደዱ፣ ለታሰሩት እንዴት ስንቅ እንደሚያቀብሉ ጎረቤቱ ያይ ነበር።

የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ታሪክ ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ ሲዘጋት አባላቷ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። ንብረቷ ተወረሰ፣ መሪዎቿ ታሰሩ። በ1983 ከተደበቀችበት ስትወጣ ከ30 ሺህ በላይ ሆና ነበር። በእነዚያ ዓመታት አዳራሽ የለም፣ ድምፅ ማጉያ የለም፣ መድረክ የለም። የነበረው የሰው ሳሎን ነው። ከእናንተም መካከል በዚያ ዘመን በሰው ቤት ያመናችሁ አላችሁ። በወጣቶች ፕሮግራም ላይ እየመጣችሁ አጫውታችሁናል። ጫማ ከደጅ እንዳይታይ ወደ ውስጥ ይገባ እንደነበር። መዝሙር በሹክሹክታ ይዘመር እንደነበር። ረከቦቱ መሃል ላይ የሚቀመጠው፣ ሰው ድንገት ቢገባ ቡና የሚጠጡ እንዲመስል እንደነበር። እኛ ያን ሰምተን ነው ቤታችንን የከፈትነው። ደርግ መዝጋት ያልቻለውን የቤት ኅብረት በእሑድ ማስታወቂያ ስትዘጉት ግራ ገባን።

የጃንደረባውንም ታሪክ አስቡት፣ መጽሐፉ የኢትዮጵያ ሰው ይለዋልና። ፊልጶስ ከመንገድ ዳር ሆኖ ጮኾ አልተናገረውም። ሰውየው የሚያነበውን ሰማ፣ ይገባህ ይሆን ብሎ ጠየቀው። ሰውየው ራሱ ወደ ሠረገላው ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። ከዚያ ነው ፊልጶስ አፉን የከፈተው። እኛም ሳንለመን ላለመውጣት፣ ከተለመንን ደግሞ ላለመቸኮል ስንሞክር ኖረናል።

ሌላው ቅሬታችን ቅጣቱ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም።

አንዱ የኅብረት መሪያችን በሰፈሩ ዕድር ውስጥ ተረኛ ነበር። ማክሰኞ ሌሊት የአንድ ጎረቤቱ ልጅ በመኪና አደጋ ሞተ። 22 ዓመቱ ነበር። ወንድማችን ሌሊቱን ድንኳን ሲተክል አደረ። ረቡዕ ቀብር ነበር። ማታ አባትየው ፍራሽ ላይ ተቀምጦ አንድ ቃል አይወጣውም። ወንድማችን አጠገቡ ተቀመጠ። አዳራሽ አልሄደም። በሚቀጥለው ሳምንት «ያለ ፈቃድ የቀረ» ተብሎ ለአንድ ወር ከአገልግሎት ታገደ። ለምን ቀረህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም።

ነገሩ ሰፈር ውስጥ ተሰማ። አባትየው ከአርባው በኋላ ወንድማችንን ጠርቶ «ጴንጤዎች የሰው ለቅሶ አይደርሱም ሲሉኝ አንተን አይቼ ውሸት ነው ስል ነበር። እኔ ጋ በመቀመጥህ ነው የቀጡህ?» አለው። ይህን አባት ምን ብለን እናስረዳው? ጳውሎስ ከሚያለቅሱ ጋር አልቅሱ ያለው ለማን ነው? በእኛ አገር ለቅሶ የቀረ ሰው ሌላ ምንም ቢናገር አይሰማም። እገዳው በይፋ እንዲነሣና ወንድማችን ይቅርታ እንዲጠየቅ እንፈልጋለን። በአባትየው ፊትም ቢሆን መልካም ነው።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። ለአንድ ኅብረት በወር ይሰጥ የነበረው ቡናና ስኳር ገዝቶ ለታማሚ ጥየቃ ታክሲ የሚከፍል ያህል ነበር። ውሰዱት፣ ከኪሳችን እናዋጣለን። ግን በእሱ የተከራያችሁት ትልቅ ስክሪንና ድምፅ ማጉያ ምን እንዳመጣ አብረን እንቁጠር። ባለፈው ኮንፈረንስ ካርድ ከሞሉት ሰዎች ለእኛ ምድብ 27 ስም ደርሶናል። ሁሉንም ደውለናል። ስድስቱ ቁጥራቸው የተሳሳተ ነው። አሥራ አንዱ ከሌላ ቤተ ክርስቲያን የመጡና የሚሄዱበት ያላቸው ናቸው። ከቀሩት ውስጥ ዛሬ ከእኛ ጋር ያሉት ሁለት ናቸው። ሁለቱም ወደ ኮንፈረንሱ የመጡት የኅብረት ጎረቤት ይዟቸው ነው። የኮንፈረንሱ ሰባኪ በደንብ አስተምሯል፣ እሱን አንነቅፍም። በመድረክ ስብከት ሕይወቱ የተለወጠ ሰው በመካከላችን አለ። ጳውሎስም በጉባኤም በየቤቱም አስተምሯል። እኛ አንዱ ለሌላው ሲባል ለምን ይሞታል ነው የምንለው። በኮንፈረንሱ ሰሞን ደግሞ ድምፅ ማጉያው እስከ ሌሊቱ አምስት ሰዓት ይጮህ ነበር። ከአዳራሹ ጀርባ የምትኖር አራስ ነበረች። ባሏ መጥቶ ለምኗችኋል። ያ ሰው ስለ እኛ ምን እንደሚያስብ መገመት አያቅትም።

አሁን የእናንተን ሥጋት እንመልከት። ሥጋት የሌላችሁ አስመስለን መጻፍ አንፈልግም። ማስታወቂያው ላይ «ቁጥጥር የሌለው ትምህርት» የሚል ሐረግ ነበር። እውነት አላችሁ። በአንዱ ኅብረት ከውጭ የመጣ «ነቢይ» እየገባ ሰዎችን በትንቢት አስፈራርቶ ገንዘብ ሰብስቧል። እኛም ዘግይተን ነው ያወቅነው። ሌላው ኅብረት ደግሞ ቀስ በቀስ የሰው ስም የሚነሣበት ቦታ ሆኖ ነበር። ሁለት ሰዎች በዚህ ምክንያት ተጎድተው ከቤተ ክርስቲያን ወጥተዋል። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፣ በተለይ የእኔ የአስተባባሪው። በየወሩ መዞር ነበረብኝ፣ አልዞርኩም። ግን አንድ ጣት ቢቆስል እጅ አይቆረጥም። አሥራ አንድ ኅብረት በሁለቱ ጥፋት ተዘጋ። በዘጠኙ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ምን አጠፉ?

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

በመጀመሪያ ወርኃዊው የምስክርነት ቅጽ ይቅር። እስካሁን የተሰበሰቡት ወረቀቶች፣ የጎረቤቶቻችን ስምና ስልክ ያሉባቸው ሁሉ፣ በሽማግሌዎች ፊት ይወገዱ። ደዋዮቹም ቁጥሮቹን ከስልካቸው ያጥፉ። ስለ አገልግሎታችን ማወቅ ከፈለጋችሁ በሦስት ወር አንድ ጊዜ ተቀምጠን እናጫውታችኋለን። ስም ሳንጠራ፣ ቁጥር ሳንቆጥር፣ ምን እንዳየን፣ የት እንደተሰናከልን እንነግራችኋለን።

የቤት ኅብረቶቹ ረቡዕ ማታ ይመለሱ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መክፈት ካስፈራችሁ በአራቱ ጀምሩ። የአራተኛ ፎቁ አባት ያሉበት ኅብረት ከአራቱ አንዱ ይሁን። ለትምህርቱ እናንተ መመሪያ አውጡ፣ እንከተላለን። ከውጭ ሰው ያለ እናንተ ፈቃድ አይገባም። ከሽማግሌዎች አንዳችሁ በወር አንድ ጊዜ በአንዱ ቤት ተገኙ። ለመቆጣጠርም ቢሆን ኑ። ቡና አለ።

ለቅሶ፣ የታመመ ጥየቃና የዕድር ግዴታ በቂ ምክንያት ተደርጎ ይቆጠር። በዚህ ምክንያት ማንም አይቀጣ።

በጉርብትና ስለሚደረግ ምስክርነት ሥልጠና ይዘጋጅ። እኛም አንችልበትም ብዙውን። የሚጾም ጎረቤት እንዴት እንደሚጋበዝ፣ ሙስሊም ጎረቤትን በረመዳን እንዴት እንደምናከብር፣ ሰው ሲያዝን መቼ ዝም እንደሚባል፣ ጎረቤት ስለ እምነታችን ሲጠይቅ የእሱን እምነት ሳናንቋሽሽ እንዴት እንደምንመልስ። ጴጥሮስ መልስ ስትሰጡ በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን ብሏል። የዋህነቱን የሚያሠለጥነን እንፈልጋለን።

የመጨረሻው ጥያቄያችን ለእኅታችን ነው። ስሟ በቅጽ ላይ ወደተጻፈው ጎረቤቷ ዘንድ ከእናንተ አንድ እናት ትሂድላት። ለመስበክ አይደለም። «ወረቀቱን ያዘዝነው እኛ ነን፣ እሷ አይደለችም፣ አጥፍተናል» እንድትላት ብቻ። ወቅቱ ጾም ከሆነ ይዛ የምትሄደው የጾም ይሁን።

መልሳችሁን በአንድ ወር ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን። እስከዚያ ድረስ ውሳኔያችሁን አክብረን ረቡዕ ማታ አዳራሽ እንገኛለን። ሐሙስ ማታ ግን በየቤታችን ቡና ይፈላል፣ በራችንም ክፍት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

የምሥራቅ ምድብ የ11 የቤት ኅብረቶች መሪዎች
በእነርሱ ስም፣ የምድቡ የቤት ኅብረቶች አስተባባሪ

ግልባጭ፦
ለእኅቶች አገልግሎት ክፍል
ለወጣቶች አገልግሎት ክፍል